ትንሽ ትራክተር ጉቶ አይነቅልም
በምንጣሮ ሥራ ላይ የሚደርስ አደጋና መከላከያው

(ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ በመልሶ ማቋቋም ሥራ ላይ ለተመደቡ የመንግሥት ሠራተኞችና ለእርዳታ ድርጅቶች ባልደረቦች በይፋግ የተደረገ ንግግር ነው።)



ዛሬ የተሰበሰብንባት ይፋግ በቀድሞው ዘመን የሲራራ ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፍባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ከግርጌዋ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ደለል እያመጡ ያደለቡት ጥቁር አፈር ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ የተጀመረው የሩዝ እርሻ ዛሬ የአካባቢው መታወቂያ ለመሆን በቅቷል። በነሐሴ ወር 1998 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ሜዳ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ብዙ ቤተሰቦች ከቀያቸው መፈናቀላቸውን ከመካከላችሁ የሚያስታውሱ አሉ።

ታዲያ ዛፍ በሳሳበት በዚህ ሜዳ ላይ ተቀምጠን ስለ ምንጣሮ የምንነጋገረው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትራክተር መንዳት የለመደው ወጣት የሚገኘው እንዲህ ባለው የሜዳ አገር ነው። ወደ መተማና ወደ ቋራ ቆላ ለሥራ ሲወርድ፣ ወይም አዲስ ለሚቋቋሙ ቤተሰቦች መሬት እንዲያዘጋጅ ሲታዘዝ፣ ይዞት የሚሄደው ልማድ እዚህ በለሰለሰ ማሳ ላይ የተማረውን ነው። በሜዳ ላይ የማይጎዳ ልማድ ግን በጫካ ውስጥ ነፍስ ያጠፋል። በመሆኑም ትምህርቱ መሰጠት ያለበት ሹፌሩ ጫካው ዘንድ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ከመነሣቱ በፊት ነው።

ካለፈው የምንማረው

የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በወሎ የደረሰውን ረሃብ ተከትሎ በ1966 ዓ.ም. ከተቋቋመበት ጊዜ ወዲህ በአገራችን ድርቅና ሰፈራ ተለያይተው የታዩበት ጊዜ ጥቂት ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600 ሺህ ያህል ሰዎች ድርቅ ካጠቃቸው አካባቢዎች ተነሥተው በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በጋምቤላ፣ በከፋና በመተከል እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ ሳይወዱ የተወሰዱ እንደነበሩ የታወቀ ነው። በመተከል በጣና በለስ አካባቢ ታላላቅ መኪናዎች ደኑን እየገፉ መሬቱን አጸዱ። ባዶ ጫካ ነው እየተባለ ይነገርለት የነበረው ያ መሬት ግን የጉሙዝ ሕዝብ እያፈራረቀ የሚያርሰው፣ የሚያድንበትና ማር የሚቆርጥበት አገሩ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ከመጣ በኋላ የትራክተሩ አገልግሎት ሲቋረጥ ሰፋሪው ወደ ዶማውና ወደ መጥረቢያው ተመለሰ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሌላው የሰፈራ ፕሮግራምም በአራት ክልሎች 440 ሺህ አባወራዎችን፣ ማለት 2.2 ሚሊዮን ሕዝብ፣ ለማስፈር ያቀደ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ለዛሬው ርእሳችን የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው። ይኸውም ደን ለመግፋት የተሠራው ከባድ መኪና ከመጣ ለጥቂት ጊዜ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ከነጭራሹ አይመጣም። በመስኩ የሚቀረው መጥረቢያና ለእርሻ የተሠራው ትንሽ ትራክተር ነው። የእቅዱ ሄክታር ሳይቀነስ ከባዱ መኪና ሲቀር፣ ትንሹ ትራክተር የትልቁን ሥራ እንዲሠራ ይታዘዛል። አደጋው የሚወለደው ከዚያ ነው።

አንድ ቀን በቆላ

እኔ የማስታወቂያ ሠራተኛ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ከዓመታት በፊት በአንድ የቆላ ሰፈራ ጣቢያ ያየሁት ነው። ወደዚያ የተላክሁት የተመነጠረውን መሬት ፎቶግራፍ አንሥቼ ዘገባ እንዳዘጋጅ ነበር። ዝናቡ ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። የጣቢያው ሰዎች ለእቅዱ የጎደለውን ሄክታር በየቀኑ ይቆጥራሉ።

ሹፌሩ በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ወጣት ነበር። ሁለት ክረምት አርሷል፤ ጉቶ ግን ስቦ አያውቅም። የአንድ ግራር ጉቶ ማረሻ እንዳያልፍ ስለ ከለከለ ሰንሰለት አምጥተው አሰሩበት። የትራክተሩ ዝቅተኛ መጎተቻ ጭራሮ ተሰግስጎበት ስለ ነበር፣ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ሰንሰለቱን ከወንበሩ በስተኋላ ከፍ ብሎ ከሚገኘው የማረሻ ማያያዣ ላይ አጠለቁት። ሰዎች ዙሪያውን ቆመው ያበረታታሉ። እኔም ካሜራዬን ይዤ ከመካከላቸው ነበርሁ። ሹፌሩ ነዳጁን ረገጠ፤ ጉቶው አልተነቃነቀም። የትራክተሩ የፊት ጎማዎች ከመሬት ሲነሡ አየሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ያየሁት አይመስለኝም፤ ዐይኔን ስከፍት ትራክተሩ በጀርባው ተኝቶ ነበር፤ ወጣቱም ከሥሩ ነበር።

ዘገባውን ጻፍሁ። የተመነጠረው ሄክታር በመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ ሰፈረ። የወጣቱ ሞት በመጨረሻው ገጽ ላይ ልዩ ልዩ በሚለው ርእስ ሥር አንድ መስመር ተሰጠው። ያን መስመር የጻፍሁት እኔ ነኝ። ማንም አሳጥረህ ጻፍ አላለኝም፤ በቅጹ ላይ ሌላ ቦታ ስላልነበረው ነው።

ትራክተር ለምን ይገለበጣል?

ብዙዎቻችን ትራክተር የሚገለበጠው በገደል አፋፍ ብቻ ይመስለናል። ሜዳ ላይ ቆሞም ይገለበጣል። የሞተሩ ኃይል ወደ መሬት የሚደርሰው በኋላ ጎማዎቹ በኩል ነው። የተጎተተው ነገር አልነቃነቅ ብሎ ጎማዎቹ ወደ ፊት መሄድ ሲሳናቸው ኃይሉ መውጫ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የትራክተሩን አካል በኋላ ጎማዎቹ ዘንግ ዙሪያ ወደ ላይ ያነሣዋል። ሰንሰለቱ ከዚህ ዘንግ በላይ ከታሰረ ጉተታው ራሱ መኪናውን ወደ ኋላ ይስበዋል። በዝቅተኛው መጎተቻ ላይ ከታሰረ ግን ጉተታው የፊት ጎማዎቹን ወደ መሬት ለመመለስ ይረዳል። የሰው ሕይወት የተንጠለጠለው በዚህች የጥቂት ስንዝር ልዩነት ላይ ነው።

አፍንጫው መነሣት ከጀመረ በኋላ ትራክተሩ ሊመለስ ከማይችልበት ነጥብ ለመድረስ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ሹፌሩ አደጋውን አይቶ፣ አስቦ፣ ፍሪሲዮኑን እስኪረግጥ ድረስ ጊዜው ያልፋል። ስለዚህ ጎበዝ ሹፌር ያመልጣል የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው ያስጨረሰ አጉል ተስፋ ነው። ጉብዝናው ሰንሰለቱ ከመታሰሩ በፊት ካልታየ ከታሰረ በኋላ አይደርስም።

ከዚህም ሌላ ሹፌሩን የሚጠብቅ መሣሪያ አለ። ይህም ከወንበሩ በላይ የሚተከለው ጠንካራ የብረት ቅስት ነው። ስዊድን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 በአዲስ ትራክተሮች ላይ ሁሉ እንዲተከል በሕግ አስገድዳ በመገልበጥ የሚሞቱ ሰዎችን ቁጥር እጅግ ዝቅ ለማድረግ ችላለች። በእኛ የምንጣሮ ቦታዎች ግን ቅስቱ ከቅርንጫፍ ጋር እየተጋጨ ስላስቸገረ ተፈትቶ መጋዘን ውስጥ የሚጣልበት ጊዜ አለ። መቆረጥ ያለበት ቅርንጫፉ ነው፤ ቅስቱ አይነካም። ቅስት ባለው ትራክተር ላይ ሹፌሩ ቀበቶውን ሁልጊዜ ይታጠቅ። ቅስት በሌለው ላይ ግን ቀበቶ መታጠቅ ሹፌሩን ከሚወድቀው ብረት ጋር ማሰር ስለሆነ አይገባም። እንዲህ ያለውን ትራክተር ከነጭራሹ ወደ ምንጣሮ አለመላክ የተሻለ ነው።

የሥራው ደንቦች

አንደኛ፦ ትንሽ ትራክተር ዛፍ አይጥልም፤ ሥር የሰደደ ጉቶም አይነቅልም። ዛፍ የሚቆረጠው በመጥረቢያና በመጋዝ ነው። ጉቶው እንዲወጣ የግድ ከሆነ ዙሪያው በዶማ ይቆፈር፤ ሥሮቹ አንድ በአንድ ይቆረጡ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዎች ገፍተው ሊነቀንቁት ካልቻሉ ትራክተሩም አይሞክረው። በቦታው ይቆይ፤ በዙሪያው ይዘራ። ሁለትና ሦስት ክረምት ሲፈራረቅበት የሚበሰብስ ጉቶ ብዙ ነው።

ሁለተኛ፦ ተቆርጦ የወደቀን ግንድ ለመጎተት ሰንሰለቱ በዝቅተኛው መጎተቻ ላይ ብቻ ይታሰር። ሹፌሩ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ሰንሰለቱን ያወጥር፤ አላልቶ መንደርደር ክልክል ነው። የናይለን ገመድ ስለሚለጠጥ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ሰው ይመታል፤ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። የተሰነጠቀ ወይም በሽቦ የተቀጠለ ሰንሰለት ይጣል። ማንም ሰው ከሰንሰለቱ ርዝመት እጥፍ ባነሰ ርቀት ላይ አይቁም፤ የተወጠረ ሰንሰለትም አይራመድ።

ሦስተኛ፦ ዛፍ በሚጣልበት ጊዜ ከዛፉ ቁመት እጥፍ በሚሆን ዙሪያ ውስጥ ከቆራጮቹ በቀር ሰው፣ ከብትም ሆነ ትራክተር አይገኝ። ከሌላ ዛፍ ጋር ተደጋግፎ የቀረ ዛፍ ካልወደቀ ዛፍ ይልቅ አደገኛ ነው። ከሥሩ መግባት አይገባም። የደረቀ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለበት ዛፍም አስቀድሞ ተመርምሮ ምልክት ይደረግበት።

አራተኛ፦ ትራክተሩ ቁጥቋጦ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መንገዱን ሰው በእግሩ ይርገጠው። በሣር የተሸፈነ ጉድጓድ፣ ድንጋይ፣ የተቆረጠ ጉቶና ኩይሳ አንዱን ጎማ ሲያነሣ ወይም ሲያሰምጥ ትራክተሩ በጎኑ ይወድቃል። የታየው መሰናክል ሁሉ ነጭ ጨርቅ በታሰረበት ረጅም እንጨት ይመልከት።

አምስተኛ፦ ትራክተር አንድ ወንበር አለው፤ ስለዚህ የሚቀመጥበት አንድ ሰው ብቻ ነው። ወደ ገበያም ሆነ ወደ ውኃ ሲኬድ በጭቃ መከላከያው ላይ ሰው መጫን የተለመደ ደግነት ሆኗል። ይህ ደግነት ብዙ ሕፃናትን ከጎማ ሥር ጥሏል። ዘመዱን ከጫነ ሹፌር ይልቅ ዘመዱን የከለከለው ሹፌር እንዲመሰገን አድርጉ።

ስድስተኛ፦ ከትራክተሩ በስተኋላ ኃይል የሚያስተላልፈው ተሽከርካሪ ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 9 ጊዜ ማለት ነው። የጋቢ ወይም የነጠላ ጫፍ ከያዘ ሰውየው እጁን ለማንሣት ጊዜ አያገኝም። ክዳኑ የወለቀ ዘንግ ሥራ ላይ አይዋል። ሹፌሩም ሆነ ረዳቱ ጋቢውን አውልቆ በአጭር ልብስ ይሥራ። ማንኛውም ነገር ሲጠላለፍ ሞተሩ ሳይጠፋ አይነካ።

ሰባተኛ፦ የደረቀ ቅጠልና ሣር በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው ዙሪያ ከተከማቸ እሳት ይነሣል። በየጥቂት ሰዓቱ ሞተሩ ጠፍቶ ይጠረግ። ሞተሩ እንደ ጋለ ከጀሪካን ነዳጅ መቅዳት ክልክል ይሁን። ጭራሮ በሚቃጠልበት ቦታ አቅራቢያ ትራክተር አይቁም።

ስለ ጭቃና ስለ ተዳፋት

የፎገራ ሹፌር ጭቃ ያውቃል። በጭቃ ውስጥ የሚፈጽመው ስሕተት ግን አንድ ነው፤ እሱም ጎማው ሲሰምጥ ከፊት ለፊቱ ግንድ መወተፍ ወይም ግንዱን ከጎማው ጋር በሰንሰለት ማሰር ነው። ጎማው ግንዱን ሊወጣ ካልቻለ ከላይ ስለ ጉቶው የተናገርሁት ነገር ይደገማል፤ ጎማው ቆሞ ትራክተሩ ይነሣል። ትክክለኛው መንገድ ጭቃውን በአካፋ ማውጣት፣ ከዚያም ወደ ኋላ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። ይህ ካልሆነ በሌላ ትራክተር በዝቅተኛው መጎተቻ ማስወጣት ይገባል።

በተዳፋት ላይ ደግሞ ትንሽ ትራክተር ከላይ ወደ ታች ይውረድ እንጂ በወገብ አይሂድ። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ማርሹ ዝቅ ይበል፤ በቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን አይረገጥ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስ ከልክሎ ነበር። ደንቡ የወጣው አፈሩን ለማዳን ቢሆንም ሹፌሩንም የሚያድን ነው። የወንዝ ዳርና ገደላ ገደሉ ዛፉን ይዞ ቢቀር ለሁሉም ይበጃል።

በእጅ ስለሚነዳው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተርም አንድ ቃል ልጨምር። በለሰለሰ የሩዝ ማሳ ላይ ታዛዥ ነው። በቁጥቋጦ ውስጥ ግን ሥር ሲያጋጥመው እጀታው በድንገት ይፈናጠራል። የማረሻው ምላስ እየተሽከረከረ ወደ ኋላ ከተነዳ ሠራተኛውን ከዛፍ ጋር ያጣብቀዋል። በቁልቁለት ላይም የግራውን ማጠፊያ ሲይዙት ወደ ቀኝ የሚሄድበት ጊዜ ስላለ አዲስ ሰው ይደናገጣል። ስለዚህ ይህ መሣሪያ ምንጣሮው ተጠናቅቆ ጉቶና ሥር ከጠራ በኋላ የሚገባ እንጂ የምንጣሮ መሣሪያ አይደለም።

ከመኪናው ውጭ

ጫካ የሚጠብቀን በብረት ብቻ አይደለም። በዛፍ ፍልፍል ውስጥ የሚኖር ንብ የሞተር ድምፅና መንቀጥቀጥ ሲሰማ ይወጣል። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ዘሎ ከወረደ ትራክተሩ ያለ ሰው ይሄዳል። ስለሆነም ፍልፍል ያለበት ዛፍ አስቀድሞ ይፈተሽ፤ ማር የሚቆርጥ የአካባቢው ሰው ይጠራ። አገሩን ከሚያውቀው ነዋሪ በላይ የደኅንነት ባለሙያ የለም።

ከሁሉም በላይ እናንተ በሊቦ ከምከም የምትሠሩ ልትዘነጉት የማይገባችሁ በሽታ አለ። በ1997 ዓ.ም. በዚህ ወረዳ የካላ አዛር ወረርሽኝ ተገኝቶ ብዙ ሰው ሞቷል። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሥራ የሚወርዱ ሰዎች በእጅጉ የሚጋለጡበት ሲሆን፣ በአካባቢያችን የተደረገው ጥናት ከግራር ዛፍ ሥር የሚያድሩ ሰዎች ይበልጥ እንደሚያዙ አሳይቷል። የምንጣሮ ሠራተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያድረው ከትራክተሩ አጠገብ፣ ከግራር ሥር ነው። አጎበር ይሰጠው። ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥና መክሳት የታየበት ሰው ወባ ነው ተብሎ ዝም አይባል፤ ካልታከመ ይገድላልና ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይላክ።

የጽሕፈት ቤቱ ድርሻ

እስካሁን የዘረዘርኋቸውን ደንቦች ሹፌሩ ቢያውቃቸውም ብቻውን ሊፈጽማቸው አይችልም። የሥራውን ፍጥነት የሚወስነው እሱ አይደለምና። ፍጥነቱ የሚወሰነው በእኛ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አደጋው የሚደርሰው ግን በእሱ ወንበር ላይ ነው። ስለዚህ አራት ነገር አሳስባለሁ።

ምንጣሮና እርሻ በእቅድ ላይ ተለያይተው ይጻፉ፤ ለምንጣሮ የራሱ ጊዜ ይመደብለት። ዝናብ በደረሰ ጊዜ ያልተመነጠረ መሬት ካለ የተመነጠረውን መዝራትና የቀረውን ለሚመጣው በጋ ማቆየት እንጂ ሌሊት ከቀን መመንጠር አይገባም። ጊዜው አጠረ ተብሎ የሚጨመር ሄክታር ቢኖር ለቤተሰቡ የጎደለውን እህል በእርዳታ መሸፈን ከሬሳ ማንሣት ይቀልላል።

የሹፌሩ ክፍያ በሄክታር ሳይሆን በቀን ይሁን። በሄክታር የሚከፈለው ሰው እያንዳንዱን ጥንቃቄ ከልጆቹ እንጀራ ላይ እንደሚቆረጥ አድርጎ ያየዋል።

ትራክተር የሚለግሱ ድርጅቶች ቅስቱን፣ ቀበቶውን፣ የዘንጉን ክዳን፣ ደህና ሰንሰለትና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን አብረው ይስጡ። እነዚህ ሳይሟሉ ተረካቢው ጽሕፈት ቤት አይረከብ። የተጎዳ ሰው በምን መኪና፣ ወደ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚወሰድም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይታወቅ።

በመጨረሻም በዘገባ ቅጻችን ላይ ከተመነጠረው ሄክታር ጎን፣ በዚያው በመጀመሪያው ገጽ፣ የሞተ፣ የቆሰለና ለጥቂት የተረፈ ሰው የሚጻፍበት ዓምድ ይከፈት። ለጥቂት የተረፈው በተለይ ይጻፍ፤ እሱ ሊነግረን የሚችለውን የሞተው አይነግረንም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የተነሣ የፊት ጎማ ዛሬ ከተመዘገበ ነገ የሚገለበጠውን ትራክተር ያስቀራል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ለተራበ ሰው መሬት ማዘጋጀት ታላቅ ሥራ ነው። ያ ወጣትም የሞተው ለሌሎች እንጀራ ሲያዘጋጅ ነው። እኔ አንድ መስመር ሰጥቼው አልፌያለሁ። ዛሬ በእናንተ ፊት የቆምሁት ያን መስመር ለማስረዘም ነው። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደየሥራ ቦታችሁ ስትመለሱ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ በግቢያችሁ የቆመውን ትራክተር ከኋላው ዞራችሁ ተመልከቱ። ሰንሰለቱ የት ላይ እንደሚታሰር ሹፌሩን ጠይቁት። መልሱ ትክክል ካልሆነ ቁልፉን ተቀበሉት፤ እስኪማር ድረስ ሄክታሩ ይቆይ።